ከምሽጉ በር ፊት ለፊት ያለው የሣር ቤት

ያ ቤት አንዲት በቅሎ፣ አንድ ባለቆርቆሮ ቤትና አንድ ጌታ አስከፍሎኛል። በቅሎዋን ተክቻታለሁ። ቆርቆሮ ቤቱን ዝናብ ወሰደው። ጌታዬን አያ ይርሳውን የሚተካ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ መፈለግ ሥራዬ ነበርና ሳይፈልግ ቀርቶ ነው አትበሉኝ።

ቤቱን ገዝቼው አይደለም። ሸጬውም አይደለም። ልሸጠው ሞክሬ ነው። ቢሳካልኝ ኖሮ ደግሞ ዋጋው ከእኔ ኪስ ሳይሆን ከሁለት ሰዎች አንገት ይከፈል ነበር።

ባለፈው ጥር የድለላ ዘንጌን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ያሰናበተኝ ጉልበቴ ነው። አሁን ቡሬ ውስጥ ቤት የሚለካው በሜትር ነው፤ ከማዘጋጃ ቤት አንድ ጎልማሳ ይመጣል፣ ገመዱን ይዘረጋል፣ ይጽፋል፣ ይሄዳል። ቤቱ ውስጥ እንኳ አይገባም። አንድ ቀን እደጄ ተቀምጬ ሲያየኝ፣ «አባባ፣ ድሮ የቤት ዋጋ በምን ይታወቅ ነበር?» አለኝ። «በጭስ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ስቆ ሄደ። አልቀለድኩም። ይህንንም የምጽፈው ለእሱ ብዬ ነው።

እኔ በበቅሎ ንግድ ነው የጀመርኩት። ፊደል የቆጠርኩት ገበያ ላይ ነው፤ የኔታ የምላቸውም በቅሎዎች ነበሩ፣ ቢረግጡም ያስተምራሉ። ጣልያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ ጥርሷን ሞርጄ የስምንት ዓመቷን የአምስት ያስመሰልኳትን አንዲት ዳማ በቅሎ ለአያ ይርሳው አቀረብኩላቸው። አያ ይርሳው መጀመሪያ አናጢ ነበሩ፤ ኋላ ግን ከቡሬ እስከ ሽንዲ ቤት የሚገዛም የሚሸጥም እሳቸውን ሳይዝ አይዋዋልም። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንደ ወጋግራ የደረቁ ሰው ናቸው። የበቅሎዋን ከንፈር ገለጥ አድርገው ጥርሷን በጣታቸው ዳሰሱ። ዋጋውን ከፈሉ። ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው፣

«አንተ ማነህ ስምህ?»

«ዓለሙ።»

«ዓለሙ፣ የሞረድከው በመልካም እጅ ነው። እንዲህ ያለ እጅ በበቅሎ አፍ ውስጥ ማለቁ ያሳዝናል። ነገ ና።»

በማግስቱ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ከኋላቸው አልተለየሁም።

አያ ይርሳው ቤት ሊያዩ ሲገቡ መጀመሪያ በሩን ይዘጋሉ። በጠራራ ፀሐይ በሩን ዘግተው መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ፤ አይናገሩም። ዓይናቸው ጨለማውን ሲለምድ ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። ክዳኑ ከሳሳ ብርሃኑ እንደ ኮከብ ይለቀማል። ከዚያ ተነሥተው ምሰሶውን በዘንጋቸው እጀታ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ምስጥ የበላው ምሰሶ ድምፁ እንደ ከበሮ ነው፤ ደኅናው ግን ድምፁን ይውጣል። ቀጥሎ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ግድግዳውን ነክተው ይቀምሳሉ። መጀመሪያ ቀን ሳያቸው ያበዱ መሰለኝ። «ግድግዳ ምን ምን ይላል አያ?» ብዬ ሳቅሁ። «የኖረበትን ሰው ይላል» አሉኝ። ውርጭና ጨው የበላውን ጭቃ ዓይን አያየውም፤ ምላስ ግን አይስተውም።

በክረምት ዝናብ ውስጥ ሆነው ያላዩትን ቤት አያሻሽጡም ነበር። የመጨረሻው ጥያቄያቸው ደግሞ ለባለቤቱ ነው። «ይህ ቤት ቢሸጥ የሚያዝን ማነው?» ይላሉ። «ማንም» የሚል መልስ ካገኙ ዋጋ ይናገራሉ። «አሮጊት እናቴ» ካሏቸው ግን አሮጊቷን ሳያነጋግሩ ከዚያ ደጅ አይወጡም። እኔ ይህችን ጥያቄ የሥራ ማስረዘሚያ አድርጌ ነበር የማያት።

ጭሱስ? በዓመት አራት ጊዜ፣ በወቅት መግቢያ መግቢያ ላይ፣ ማለዳ ከከተማው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ይዘውኝ ይወጡና ጭስ እንቆጥራለን። የሣር ቤት ጭሱን በክዳኑ ውስጥ እየተነፈሰ ያወጣል፤ የሚጨስ ቤት ሰው አለበት፣ የማይጨስ ቤት ዋጋው ወርዷል። «ቤት በዓመት አራት ጊዜ ልብሱን ይለውጣል» ይሉ ነበር። ከመስከረም እስከ ኅዳር ሻጭ ይበዛል፤ እህል ገና ማሳ ላይ ነው፣ ከእህሉ ይልቅ ቤቱ ፈጥኖ ብር ይሆናል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት አውድማው ይሞላል፣ ሙሽራ ይበዛል፣ ዋጋ ሽቅብ ይወጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሰማዩ ደረቅ ነውና የሚያፈስ ቤት ሁሉ ለሽያጭ ብቅ የሚልበት የአጭበርባሪ ወቅት ነው። በክረምት ማንም አይገዛም፤ እኛ ግን ያን ጊዜ ነው እየዞርን የምናይ። እኔ ከኮረብታው ላይ ሆኜ «ይጨሳል፣ አይጨስም» እያልኩ ነበር የምቆጥር። እሳቸው ጭሱን ያነቡት ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደተነሣ፣ ቅጠል ይሁን ግንድ፣ ለስንት ሰው እንደሚበስል። ይህን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ከዚያ ጣልያን መጣና መንገዱን አመጣ።

ከዚያ በፊት መንገድ ዳር ያለ ቤት የድኃ ቤት ነበር። መንገድ ዳር የሠራ ሰው የመኳንንቱ ጭፍራ ባለፈ ቁጥር ያርፍበታል፤ በጉንም ጠላውንም ጨርሶ መርቆት ይሄዳል። ስለዚህ ሀብታም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ፣ ወደ ከፍታው ነበር የሚሸሽ። ካሚዮኖቹ በደብረ ማርቆስ አልፈው፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንለው ያኔ ግን ወጀት በሚባለው በኩል ቡሬ ሲገቡ ግን ዓለም ተገለበጠ። በአንድ በጋ! ለአሥር ጠገራ ብር ጠያቂ ያልነበረው የመንገድ ዳር ጎጆ በጥር አርባ ተጠየቀ፣ በየካቲት ስድሳ። ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ሁሉም መንገዱን ተጠግቶ እንደ ንብ ሰፈረ። ከፍታ ላይ ያሉት ባላባቶች ቁልቁል እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር የማይ። ስንት ዘመን ሰው የሸሸው መሬት እንዲህ ሲከብር ማየት ተአምር እንደማየት ነው።

ቆርቆሮውም ሌላ ተአምር ነበር። አያ ይርሳው በገዛ እጃቸው የሠሩትን የመንገድ ዳር ቤታቸውን ቆርቆሮ ሲያለብሱት በመጀመሪያው የሰኔ ዝናብ ሰው ድምፁን ሊሰማ ተሰበሰበ። በዝናብ ውስጥ ቆሞ ዝናብ የሚያዳምጥ ሕዝብ ያየሁት ያን ቀን ነው። አንዲት ባልቴት አማተቡና «ይኼስ ሰማይ በገል ላይ ሲወርድ ነው» አሉ። ያን ቤት ማንም ዋጋ ጠይቆት አያውቅም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚታየው።

ጦርነቱንም የምንሰማው ከቤት ዋጋ ነበር። ሻጩ «የጣልያን ሊሬም እቀበላለሁ» ካለ ጣልያን በርትቷል፤ «በጠገራ ብቻ» ካለ አርበኞቹ ቀርበዋል። ክረምት ገብቶ ካሚዮኖቹ ጭቃ ሲይዛቸው የመንገድ ዳር ዋጋ ይወርዳል፣ በጋ ሲመለስ ይመለሳል። የጣልያን ሹም በአዋጅ «አገሩ ሰላም ነው» ሲል አያ ይርሳው «እስቲ ዋጋውን እንጠይቅ» ይላሉ። አንድም ጊዜ ዋጋ ዋሽቶን አያውቅም። እኔ በዚህ ብቻ እደነቅ ነበር፤ የማንም አፍ ሳይናገረው የሁሉም ኪስ የሚያውቀው ነገር!

አሁን ወደዚያ ቤት ልምጣ።

ከጣልያን ምሽግ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ላይ፣ ከአያ ይርሳው ቤት ጋር ኩታገጠም የሆነ የሣር ቤት ነበር። ስማቸው የሚባል ሰው ቤት ነው። ስማቸው የበቅሎ ንግድ ባልንጀራዬ ነበር፤ ጣልያን በገባ በዓመቱ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። ሚስቱ የሺ ብቻዋን ቀረች። በሦስተኛው ክረምት ወንበርማ በረሃ ላይ ተመትቶ ሞተ የሚል ወሬ መጣ። የሺ ማቅ ለበሰች፣ በአርባው ቀን ተዝካሩ ወጣ። እኔም ሄድኩ፤ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ «ነፍስ ይማር» አልኩ፣ አለቀስኩም።

አንባቢዬ እንዳትደናገር አስቀድሜ ልናገር፤ ስማቸው አልሞተም ነበር። ጣልያን የሸፈተ ሰው ቤት ያቃጥላል፤ የሞተ ሰው ቤት ግን ምን ያደርግለታል? ባልና ሚስት ተማከሩና ባል «ሞተ»። ቤቱ ውስጥ ከምድጃው ሥር የእህል ጉድጓድ አለ፤ ለዱር የሚሄደው ስንቅና ጥይት ከዚያ ነው የሚወጣ። የሺ ቀን ቀን እደጇ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ከምሽጉ የሚወጣውን ካሚዮን ትቆጥራለች። ስንት እንደወጣ፣ ወዴት እንደዞረ፣ በሦስተኛው ቀን ስማቸው ያውቀዋል። ቤቱ ከእጇ ከወጣ ገዢው ይቆፍራል፤ ከቆፈረ ሁለቱም ይሰቀላሉ። ይህን የሚያውቁ እሱ፣ እሷና የንስሐ አባታቸው ነበሩ። ማንም ሳይነግራቸው ያወቁ ደግሞ አያ ይርሳው። እኔ የማውቀው የቤቱን ዋጋ ብቻ ነበር።

በዚያ ጊዜ ሐጂ ሳልም የሚባል የጨው ነጋዴ ከምጽዋ መጣ። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እጀ ሰፊ ሰው ነው። የስማቸውን ቤት እንዳየ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዓለሙ፣ ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«ዓባይን አይቻለሁ።»

«ዓባይ ያልፋል። ባሕር አያልፍም። በእኛ አገር ባሕሩን የሚያይ ቤትና ጀርባውን የሰጠ ቤት ግድግዳቸው አንድ ነው፣ ጣሪያቸው አንድ ነው፤ ዋጋቸው ግን ሰማይና ምድር። ሰው የሚከፍለው ለሚያየው ነው። እናንተ ባሕር የላችሁም። ባሕራችሁ ይህ መንገድ ነው። ወደቡም ያ ነው» አለና የምሽጉን በር በጣቱ አሳየኝ። «ይህን ቤት እፈልጋለሁ። አፍርሼ በድንጋይ መሠረት መጋዘን እሠራለሁ።»

መቶ ሃያ ጠገራ አለ። ቡሬ ውስጥ ለሣር ቤት እንዲህ ያለ ዋጋ ከኔ በፊት የሰማ ጆሮ የለም።

የሺን እደጇ እየፈተለች አገኘኋት።

«እቴ የሺ፣ እንደምን ዋልሽ? እግዜር መከራሽን ሊያይልሽ ነው መሰል።»

«ደላላ ሲመርቅ ኪሴን ነው የምይዝ» አለች፤ እንዝርቷን አላቆመችም።

ዋጋውን ነገርኳት። እንዝርቷ እንኳ አልተሰናከለ።

«አልሸጥም።»

«መቶ ሃያ እኮ ነው! በዚህ ብር ቤተ ክርስቲያን ጥግ ቤት ገዝተሽ፣ በሬ ጠምደሽ፣ እስከ ዕድሜሽ ፍጻሜ...»

«ዓለሙ፣ የባሌን ተዝካር በልተሃል?»

«በልቻለሁ፣ ነፍሱን ይማር።»

«እንግዲያ ጠግበሃል። ቤቱን ተወው።»

ለአያ ይርሳው ነገርኳቸው።

«ተወው ያን ቤት።»

«ለምን አያ? ምሰሶው ደኅና፣ ክዳኑ ደኅና፣ በክረምት አብረን አየነው፣ ጠብታ የለበትም አላሉም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቢሸጥ የሚያዝን ሰው አለ።»

«የሺ እንደሆነች ተመችቷት ትረሳዋለች።»

«የሺን አላልኩህም» አሉና ተነሥተው ሄዱ። እርጅና ተጫናቸው ብዬ አሰብኩ። ይባስ ብዬም፣ ቤቱ ኩታገጠማቸው ነውና ለራሳቸው ከጅለውት ይሆናል አልኩ። ሰው በሚኖርበት ልክ ነው ሌላውን የሚለካ።

ከዚያ የሠራሁትን ልናገር። ስማቸው ምትኩ የሚባል ታናሽ ወንድም ወጀት ነበረው። ቤቱ የቆመበት የአባታቸው ርስት ነው፤ ምትኩ ድርሻዬን ልካፈል ካለ የሚከለክለው የለም። ይህ ሰው ጠላ ሲቀምስ አፉ ወንፊት ስለሚሆን ወንድሙ በሕይወት እንዳለ አልነገሩትም፤ እውነቱን አልቅሶ ቀብሮታል። እኔ በካሚዮን ተሳፍሬ ወጀት ሄድኩ። በበቅሎ የግማሽ ቀን መንገድ የነበረው ዳዊት ሳይደገም አለቀ። ዛፎቹ ወደ ኋላ ሲሮጡ እያየሁ እንደ ሕፃን ሳቅሁ፤ የምሄድበትን ሥራ ባውቅ ኖሮ አልስቅም ነበር።

«ወንድሜ ሞቶ ሚስቱ ብቻዋን ትብላው?» አለ ምትኩ።

«እሱን ሽማግሌ ይናገር» አልኩ። ደላላ እሳት አያነድም፤ ጭራሮውን ብቻ ያቀርባል።

በጥር፣ ዋጋው ጫፍ በደረሰበት ሰሞን፣ ከገበያው በላይ ባለው ዋርካ ሥር አራት ሽማግሌ ተቀመጠ። የጣልያን ሹም የላከው ጸሐፊም ሊሰማ መጥቶ ዳር ላይ ቆሟል። ምትኩ ከሰሰ። አንደኛው ሽማግሌ ወደ የሺ ዞሩ።

«ልጄ፣ ፍርዱ በአንድ ቃል ላይ ነው። ባለቤቱ በሕይወት ካለ ወንድሙ አይካፈልም። ከሞተ ይካፈላል። ባልሽ ሞቷል ወይስ አልሞተም?»

ምን እንደተጠየቀች የገባኝ ኋላ ነው። «አልሞተም» ብትል ጸሐፊው ቆሟል፣ ገመድ ነው። «ሞቷል» ብትል ቤቱ ሄደ፣ እሱም ገመድ ነው። የሺ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየችና፣

«አባቶቼ፣ ተዝካሩን እናንተው በልታችኋል» አለች።

አልዋሸችም። አላመነችም። እኔ ዋጋ የሚከራከር ሰው ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ይሸጥና ይካፈሉ ተባለ። የአገሩ ልማድ ደግሞ አለ፤ ለባዕድ ከመሸጡ በፊት «ዘመድ ወይ ኩታገጠም በዚህ ዋጋ እወስዳለሁ የሚል አለ?» ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። የልማድ ያህል ነው የሚጠየቅ፤ መቶ ሃያ ጠገራ የያዘ ኩታገጠም ማን አለ? አንድ ጊዜ ተጠየቀ። ሁለት ጊዜ ተጠየቀ። በሦስተኛው አያ ይርሳው ተነሡ።

«ኩታገጠም ነኝ። እወስዳለሁ።»

«ብሩን ያምጡ፣ አያ ይርሳው።»

«ብር የለኝም። ቤት አለኝ።» ወደ ሐጂ ሳልም ዞሩ። «አንተ የመንገድ ዳር ቤት አይደል የምትሻው? የኔን ባለቆርቆሮውን ውሰድ። ለዚህ ልጅ የወንድሙን ድርሻ አንተ ቁጠርለት። የሷ ቤት በስሜ ይዙር፣ እሷም ከክዳኑ አንዲት ሣር ሳትመዘዝ እስከ ዕድሜዋ ትኑርበት።»

ሐጂ ሳልም ሳቁ ጠፋ። «ሽማግሌ፣ ቀልድ ነው? ቤትህ የዚህን ሁለት እጥፍ ያወጣል!»

«ዋጋውን አውቃለሁ። ዋጋ ማወቅ ሥራዬ ነው።»

ከቡሬ እስከ ሽንዲ አንድ ቤት እንኳ አጉል ገምተው የማያውቁት ሰው፣ በሕዝብ ፊት፣ በዓመቱ ጫፍ ዋጋ፣ በገዛ እጃቸው የሠሩትን ቤት በሣር ጎጆ ለወጡ። ሐጂ ሳልም ተስማማና ተዋዋሉ፤ ከዚያ አያ ይርሳው ወደኔ መጡ። የደላላ ድርሻ አለኝና። «ብር የለኝም አልኩህ። በቅሎዋን ውሰድ፤ ጥርሷን ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ» አሉና የዳማዋን ልጓም እጄ ላይ አኖሩ። ወሰድኩት። አዎ፣ ወሰድኩት።

የሠራሁት በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ያን ሰሞን ጠላ ቤት ለጠላ ቤት «አያ ይርሳው በስተርጅና በመበለት ተያዙ፤ ሰው ለሣር ቤት እንዲህ አይከፍልም፣ ለባለቤቲቱ ነው እንጂ» እያልኩ አሳቅሁ። ቀልዱ ከተማውን ሞላ። ሚስታቸው እመት ውዴ ሰሙ። አልጮሁም፤ ልብሳቸውን ጠቀለሉና ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም፣ ወላጆቻቸው ዘንድ ገቡ። አያ ይርሳው ከየሺ ቤት ጓሮ ካለው የገለባ ጎጆ ብቻቸውን ሰፈሩ። ባገኘኋቸው ቁጥር ሰላምታ አልነፈጉኝም። የመጋቢት መግቢያ ግን ጭስ ልንቆጥር አልጠሩኝም።

በሚቀጥለው በጋ የመንገድ ዳር ቤት በጥር መውጣት ሲገባው ወረደ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሻጩ ሁሉ «በጠገራ ብቻ» ይላል። ከዚያ በግማሽ ጠገራም የሚል መጣ። ከዚያ የሚጠይቅ ጠፋ። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ጣልያን ምሽጉን ለቀቀ፣ ካሚዮኖቹ እንደ ጉንዳን ተሰልፈው ወጡ፤ አቧራው እስከ ቀትር አልረጋም። አቧራው ሲረጋ በመንገዱ መካከል ሰዎች ይመጣሉ፤ ፀጉራቸው ጎፈሬ፣ ዝናራቸው መስቀለኛ። ፊተኛው ስማቸው ነበር።

በቅሎዋ ላይ ነበርኩ። ከእርካቡ ላይ እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አማተብኩ።

«ስማቸው? ተዝካርህን በልቻለሁ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ጠላው እንዴት ነበር?»

«ቀጠን ብሎ ነበር።»

«ድግሱ ለሞተ አልነበረም፤ ለዚያ ነው» አለና ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «ቤቴንም ልትሸጠው ነበር አሉ።»

የሺ እደጇ ቆማለች፤ ማቁን አውልቃ ነጭ ለብሳለች። እንዝርቷን አሁንም ይዛለች። ስማቸው አስገብቶ ጉድጓዱን አሳየኝ፤ ከምድጃው ሥር ሰሌን፣ ከሰሌኑ ሥር እንጨት፣ ከእንጨቱ ሥር ጥይት በጤፍ ውስጥ። ሐጂ ሳልም መሠረት እቆፍራለሁ ያለው እዚያው ላይ ነበር።

በቀጥታ ወደ ጓሮው ጎጆ ሄድኩ። አያ ይርሳው ዘንጋቸውን እየላጉ ነበር።

«እንዴት አወቁ፣ አያ?»

«ተዝካሩ ላይ ቄሱ ሲጸልዩ የክርስትና ስሙን ጠሩት?»

አሰብኩ። ለሙታን ጸሎት ያለ ክርስትና ስም አይሆንም። «አልሰማሁም።»

«አልጠሩትም። ሕያው ሰው ከሙታን ጋር አይጠራም ብለው ፈርተው ዘለሉት። እኔም ነፍስ ይማር አላልኩም። ከኮረብታው ላይ ደግሞ የመበለቲቱ ጭስ በጾም እንኳ ሁለት ጊዜ ይነሣል። ለአንድ ሰው የማይሆን ጭስ ነው። አብረን ነው የቆጠርነው፣ ዓለሙ። አንተ አንድ ቤት ብለህ ቆጠርክ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጣ የለባቸውም።

«ብነግርህ ታውቃለህ። ካወቅህ ዋጋ ታወጣለታለህ።»

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝ። «ወሬህ እንኳ ጠቅሞናል» አሉ፤ «ጸሐፊው ‹ሽማግሌው በሴት አብዶ ነው› ብሎ ነው የተወን።» ይህን ሲሉ ዞር ብለው ባዶውን መደብ አዩ፤ ለእመት ውዴ የሠሩትን መደብ።

በቅሎዋን ጎጆው ደጅ አስሬያት ሄድኩ። በማግስቱ ከኔ ደጅ ታስራ አገኘኋት። መልሼ ወሰድኳት፤ መልሰው አመጧት። በአራተኛው ቀን በቅሎዋ ራሷ መንገዱን ለምዳ ብቻዋን ትመላለስ ጀመር። በመጨረሻ ቋሪት ወጣሁና በእመት ውዴ ደጅ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ለመንኩ፤ በዳማዋ ላይ ተቀምጠው ወደ ባላቸው ገቡ። በቅሎዋንም የራሳቸው አደረጓት። እኔን ግን እስኪሞቱ ድረስ «እንደምን አደርክ» ብለውኝ አያውቁም።

ቤታቸውን ልመልስላቸው አሰብኩ። ሐጂ ሳልም ወደ አገሩ ሊመለስ ሲጣደፍ፣ በመጋቢት፣ ያለኝን ሁሉ ሰጥቼ ባለቆርቆሮውን ቤት ገዛሁ። አያ ይርሳው የሠሩት ቤት ነው፤ ምኑን ላየው? ቁልፉን ይዤ ወሰድኳቸው። ገቡ። በሩን ዘጉ። መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ጣሪያውን አዩ። ምሰሶውን ኳ ኳ አደረጉ። ከዚያ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ግድግዳውን ነክተው ቀመሱ።

«ስንት ወር ነው ጨው የከተተበት?»

ቤቱ ከዳር እስከ ዳር የጨው መጋዘን ሆኖ ከርሟል።

«በክረምት አይተኸዋል?»

«አላየሁትም፣ አያ።»

«የኔ ሥራ ነው ብለህ ገዛኸው።»

«አዎ።»

ቁልፉን መለሱልኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው ቆዩ። በሐምሌ ግድግዳው ከሥሩ ራሰ፤ እንደ ገንፎ ተናደ። ቆርቆሮው መሬት ላይ ተኝቶ ዝናቡ ሲመታው ያ ድምፅ እንደገና ተሰማ። በዚህ ጊዜ ሊያዳምጥ የመጣ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ቤት ገዛሁ፣ ሸጥኩ። በሩን ሳልዘጋ፣ ሳልቀምስ፣ «የሚያዝን ማነው?» ሳልል የጨረስኩት ውል የለም። አያ ይርሳው በየወቅቱ መግቢያ ማለዳ ብቻቸውን ወደ ኮረብታው ሲወጡ እኔ ከታች ሆኜ አያቸዋለሁ። እሳቸው ከላይ ጭሱን ይቆጥራሉ፤ እኔ ከታች እሳቸውን እቆጥራለሁ፤ አንድ። አንድ የመስከረም መግቢያ ቆጥሬ አጣኋቸው። አስከሬናቸውን ስማቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተሸከምን። ቄሱ የክርስትና ስማቸውን ጮክ ብለው ጠሩት።

ዘንጌን ከመስቀሌ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። መንገዱ ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርቆሮ ነው፤ ቆርቆሮ ጭሱን ስለማያሳይ የሚቆጠር ነገር ብዙ የለም። አንድ የሣር ቤት አለ።

ወጪ፦ አንዲት በቅሎ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ጌታ። ገቢ፦ የለም። ያ ቤት ይጨሳል።